ስሎትና ስለት

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ወልደ ሚካኤል
አሰላ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እቴቴ አበባስ እንዴት አደረች? ሰላምታውን አሳጥሬ ወደ ጉዳዩ ብገባ አይቀየሙኝም ብዬ ነው። ቢቀየሙኝም እንደ ልጅነቴ በቀይ እስክሪብቶ ያርሙኛል እንጂ አይተዉኝም።

ሀሰኖ ሚኒባሱን እንዳቆመ ደብዳቤዎን ሰጠኝ። “ልጅቷን የት አደረስካት?” ብለው የጻፉትን ሳነብ አፈርኩ። ልጅዎ ሰሎሜ አሁንም ቤይሩት ናት። ትናንት ዓርብ ጠዋት ልቀበላት ፀጉሬን ተቆርጬ ቦሌ ቆሜ ነበር። የቆምኩት ለከንቱ ሆነ። እሷ ደህና ናት፤ አልታመመችም፣ ፓስፖርቷም አልተያዘም፣ አሠሪዋም አልከለከለቻትም። ዘጠኝ ዓመት ስለሠራችላት የወር ፈቃድ ሰጥታታለች። ችግሩ ሰማዩ ነው።

ሰማይ ሰፊ ነው ይባላል፤ እኔም እዚህ አየር መንገድ ሥራ እስክገባ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አውሮፕላን ግን እንደ አሞራ በፈለገበት አይሄድም፤ የተሰመረ መንገድ አለው። በሱዳን ላይ የሚያልፈው መንገድ ከተዘጋ ሁለት ዓመት አለፈው። አሁን በቤይሩት አካባቢ ያሉ አገሮች መተኳኮስ ሲጀምሩ ሌላውም ተዘጋና ከሰሜን የሚመጣው ሁሉ አንዲት ቀጭን መስመር ላይ ተጨናንቋል። የሳጉሬ መንገድ በጎርፍ የተቆረጠ ጊዜ የበቆጂ አይሱዙና ጋሪ በአንድ ጠባብ ማለፊያ ሲጋፋ አይተው የለ? እሱን ያስቡት።

“አንተ እዚያ ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ?” ላሉት፦ አውሮፕላን አላበርም፣ አላሳርፍም። በረራ ሲዘገይ የዘገየበትን ምክንያት እመዘግባለሁ። እያንዳንዱ ምክንያት ቁጥር አለው፤ ለጉሙ ሌላ፣ ለሰልፉ ሌላ፣ ለብልሽቱ ሌላ። ያለ ምክንያት የዘገየ አውሮፕላን በመሥሪያ ቤታችን ሕግ የለም። የእኔ ሥልጣን እዚያ ላይ ያበቃል።

ስልክ እንዳልደውል ያዘዙኝን አልረሳሁም። ጆሮዎ ከከበደ ወዲህ ለእርስዎ በስልክ የተነገረ ለሰፈሩ ሁሉ የተነገረ ነው፤ እቴቴም ከመኝታዋ ትሰማለች። ስለዚህ እንደተባባልነው በወረቀት፣ በሀሰኖ እጅ ይሁን። ምን ብለን እንንገራት ላሉት፣ እኔን ከሰሙኝ “ነገ” ይበሏት።

ምክንያት እንጂ መፍትሔ ያልያዘው ልጅዎ፣
የኋላሸት


አሰላ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየኋላሸት

ደብዳቤህ ደረሰኝ። አንድ ስሕተት አለበት። ጸጉር በጸሎቱ “ጸ” ነው የሚጻፈው፤ ስንት ጊዜ ነግሬሃለሁ! ይሁን፣ ዛሬ የምቆጣበት አቅም የለኝም።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። ሐኪሙ “ከእንግዲህ ቤቷ ትሁን” ብሎ ነው የሰደዳት። ቀኑን አልነገረንም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ጉበቷ ነው። ሾርባ ከሦስት ማንኪያ በላይ አትወስድም። ጎረቤታችን ራቢያ አላህ ይስጣት፣ የገዛ ልጆቿን ትታ አክስትህን ስታገላብጥ ትውላለች። እኔማ ምን እሠራለሁ? ትራስ አቀናለሁ፣ እንደገና አቀናለሁ።

አበባን ታውቃታለህ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ “ልጄ መቼ ትመጣለች?” ብላ አታውቅም። “ሥራ ላይ ናት፣ ተዋት” ነበር የምትለው። አሁን መኪና ጥሩምባ በነፋ ቁጥር ዐይኗ በሩ ላይ ነው። እንደመከርከኝ “ነገ” አልኳት። “የመንግሥት ነገ ነው የእግዜር ነገ?” አለችኝ። ትራሷን ማቃናት ያዝኩ፤ አርባ ዓመት ተማሪ ፊት የቆምኩ ሰው!

የኋላሸት፣ አንተን ያሳደገችህ ይህች ሴት ናት። እናትህ ስትሞት ከእኔ ቀድማ “የእህቴ ልጅ የኔ ነው” ያለች እሷ ናት። ስለዚህ ምክንያት አትላክልኝ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፤ እዚያ መሥሪያ ቤት አንድ የምታውቀው ትልቅ ሰው አይጠፋም። አለቃህ እግር ላይ ወድቀህም ቢሆን ለምን። ከዚህ ዓለም ሌላ የምፈልገው ነገር የለኝም፤ አበባ ዐይኗ ሳይከደን ልጇን ትይ። ይኸው ነው ልመናዬ።

ወልደ ሚካኤል


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሀሰኖ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው፤ ጽሕፈቴን ይታገሡኝ።

አለቃዬ እግር ላይ ውደቅ ብለውኛል። ወድቄያለሁ ማለት ይቻላል። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ትከሻዬን ይዞ አነሳኝና ኮምፒውተሩን አዞረልኝ። “የኋላሸት፣ እኔም እንዳንተ ይችኑ ነው የማየው” አለኝ። የእሱ የበላይም ያችኑ ነው የሚያየው። እዚህ ቤት ሁሉም ያያል፣ አንድም የሚያዝዝ የለም። የሚያዝዘው የት እንደሚቀመጥ ብቻ እስካሁን አላወቅሁም።

ትናንት እሁድ መንገዱ ተከፍቶ ነበር ሲባል ሰምተው ከሆነ፣ እውነት ነው። ለጥቂት ሰዓት ተከፍቶ ነበር። ግን ያን ቀን ጠዋት ቦሌ ጉም ነበር፤ በጉሙ የተነሳ ሰሎሜን ሊያመጣ የሚሄደው አውሮፕላን ራሱ ከሌላ አገር ዘግይቶ ገባ። እሱ ሲገባ የአብራሪዎቹ የሥራ ሰዓት አለቀ፤ ከዚያ በላይ ማብረር በሕግ አይፈቀድላቸውም። ሌሎቹ ተጠርተው እስኪመጡ መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ። አንዱ አንዱን ይጎትታል፣ ጋሼ። እኔ ሦስት ቁጥር መዝግቤ ቤቴ ገባሁ።

አሁን ግን ሁሉም ተሟልቷል። አውሮፕላኑ ቆሟል፣ አብራሪዎቹ አሉ፣ የሰሎሜም ስም ከተሳፋሪዎች ጋር አለ። የቀረው ስሎት ብቻ ነው። ስሎት የሌለው አይነሳም። ስሎቱ ያለፈበት ደግሞ እንደገና ለምኖ፣ ከሁሉ ኋላ ሆኖ ይጠብቃል። የእኛ አንዴ አልፎበታል፤ ለዚህ ነው እንዲህ የሚያጉላላን። የስሎቱ ነገር ከተስተካከለ ግን በማግስቱ እቴቴ ዘንድ ናት፤ ይህን እርግጠኛ ሆኜ እነግርዎታለሁ።

ሀሰኖ ጥሩምባውን ነፋ። እቴቴን ግንባሯን ይሳሙልኝ።

የኋላሸት


አሰላ፣ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየኋላሸት

መጀመሪያ ሆሄህን ላርም። ስለት የሚጻፈው በግዕዙ “ለ” እንጂ በሳብዑ “ሎ” አይደለም። አራት ጊዜ ጽፈኸው አራቱንም ጊዜ “ስሎት” ብለሃል፤ የእጅ መንቀጥቀጥ ነው እንዳልል አራቱም አንድ ዓይነት ናቸው። አዲስ አበባ ሰው እንዲህ ነው የሚለው? እንጃ።

ካረምኩ በኋላ ግን ተቀመጥኩ። ደግሜ አነበብኩት። “ስለት የሌለው አይነሳም፤ ስለቱ ያለፈበት ከሁሉ ኋላ ሆኖ ይጠብቃል፤ የእኛ አንዴ አልፎበታል።” ማን ነገረህ? አበባ በልጅነትህ አጫውታህ ነው? ወይስ ሳታውቅ ጻፍከው? ደግሞስ በዚህ ዘመን፣ ተማርን የሚሉት ሁሉ በሚክዱበት ጊዜ፣ በመሥሪያ ቤታችሁ ይህ መታወቁ እጅግ ገረመኝ።

እንግዲህ ካወቅኸው ልናዘዝ። ሰሎሜ ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ ጢቾ ሳስተምር፣ በኩፍኝ ተይዛ ዐይኗ ሁሉ ተደፍኖ ነበር። አበባ ለጢቾው ሚካኤል “ልጄን ማርልኝ፣ ጃንጥላ አገባለሁ” ብላ ተሳለች። ልጅቷ ዳነች። እኔ ያኔ ኮራ ያልኩ መምህር ነበርኩ፤ “ያዳናት መርፌው ነው” አልኩና ሳቅሁ። ከዚያ ወደ አሰላ ተዛወርን። አበባ በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ “ወልዴ፣ ጃንጥላው” ትላለች፤ እኔ በየዓመቱ “ይደርሳል” እላለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ይደርሳል አልኩ። ይኸው የልጅቷ አውሮፕላን አልነሳ አለ።

ከነገ ወዲያ ሰኔ ሚካኤል ነው። ቀኑ ራሱ ደረሰልኝ። ዛሬ ጃንጥላውን ገዛሁ፤ ቀይ ነው፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ አለው፤ አበባ ብታየው ደስ ይላታል። ነገ በጠዋት እነሳለሁ፤ ሚኒባስ እስከሄደበት በሚኒባስ፣ ከዚያ በጋሪ፣ ጋሪው ጭቃ ከያዘው በእግሬ። ሐሙስ አስገብቼ ዓርብ እመለሳለሁ። ራቢያ ከአበባ ጋር ልታድር ተስማምታለች። ለአበባ ግን አልነገርኩም፤ ጃንጥላውንም ጎረቤት አስቀመጥኩት። “ስለቱን አደረስኩልሽ፣ ልጅሽም መጣች” ብዬ ሁለቱን ባንድ ላይ ላበሥራት ነው።

ከተጋባን ወዲህ እሷ ታማ እኔ ከቤት ስወጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ብቻ ምን ላድርግ? ለካስ መንገዱን የዘጋሁት እኔ ነበርኩ።

ወልደ ሚካኤል


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ! ጋሼ፣ ምን አደረግኩዎት!

ደብዳቤዎ ዛሬ ሐሙስ ጠዋት ነው የደረሰኝ። ሀሰኖ ረቡዕ መነኸሪያ ተራ ሳይደርሰው ውሎ አደረ። አንብቤ ሳልጨርስ ለራቢያ ደወልኩ፤ አደራዎን አፈረስኩ፣ ይቅር ይበሉኝ። “ጋሼ ትናንት በጠዋት ሄዱ፣ ጃንጥላውን በላስቲክ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው” አለችኝ። ጢቾ ማን ጋ ልደውል? ብደውልስ እርስዎ ይሰማሉ? ስለዚህ ይህችን ወረቀት ሲመለሱ እንድታገኝዎ ብዬ እጽፋለሁ። የማልጽፍበት መንገድ ቢኖር አልጽፍም ነበር።

ስሎት በ“ሎ” ነው፣ ጋሼ። ስሕተት አይደለም። የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ተራ ማለት ነው። አውሮፕላን በተጨናነቀ መንገድ ላይ የሚያልፍበት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ተብሎ የሚሰጠው ተራ። በቃ። ሌላ ምሥጢር የለውም። እኛ እዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ስሎት፣ ስሎት ስንል ስለምንውል እንግሊዝኛ መሆኑንም ረስቼዋለሁ። የእቴቴን ስለት ከየት አውቃለሁ? ለእኔ ነግራኝ አታውቅም።

እቴቴ እንዴት ናት ብዬ ራቢያን ጠየቅኳት። “ያ ረቢ፣ ደህና ናት እንጂ፤ ተኝታለች” አለችኝ። ድምፅዋ ግን አልጣመኝም። እባክዎን ይህን እንዳነበቡ ከአጠገቧ አይራቁ። ጃንጥላው መግባቱ መልካም ነው፤ ማን ይጠላዋል? ግን አውሮፕላኑን ያቆመው እርስዎ አይደሉም። እርስዎም አይደሉም፣ እኔም አይደለሁም፣ ማንም አይደለም። ይህን ይመኑኝ።

ከሆሄ ይልቅ ሰው ያሳሳተው፣
የኋላሸት


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እልል ይበሉ!

ተራው መጣ! “ተራ” ነው ያልኩት፣ ልብ ይበሉልኝ። ትናንት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ኮምፒውተሩ ላይ ብቅ አለ፤ እኔ ነኝ መጀመሪያ ያየሁት፣ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ። ሰሎሜ ሰኞ ሰኔ 16 ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቦሌ ታርፋለች። አልቅሳ አልቅሳ ስልኩን ዘጋችብኝ። ሰኞን ፈቃድ ወስጃለሁ፤ የጓደኛዬን የፊሊጶስን መኪና ተውሼ እኔው ራሴ አሰላ አደርሳታለሁ። ለእቴቴ አሁን “ነገ” አይበሏት፤ “ሰኞ” ይበሏት። ይኸኛው የእግዜር ሰኞ ነው።

ጢቾ ገብተው ተመለሱ? መንገዱ እንዴት ነበር? ለራቢያ ከጠዋት ጀምሮ እደውላለሁ፣ ስልኳን አታነሳም። ሀሰኖንም ስለ ቤታችሁ ብጠይቀው “እኔ መነኸሪያ ነው የዋልኩት” ብሎ ጎንበስ ብሎ ጎማ ማየት ጀመረ። ጎማው ምንም አልሆነም። ሁለት መስመር እንኳ ይጻፉልኝ።

የኋላሸት


አሰላ፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየኋላሸት

ይህን ደብዳቤ ሀሰኖ ብቻውን አያመጣልህም። ፊሊጶስ ለእሁድ ቤተሰቡ ዘንድ መጥቶ ነበርና አብሮት እንዲሄድ ለምኜዋለሁ። አብሮህ የተማረ ወንድምህ ነው፤ አጠገብህ ይቀመጥ። እስኪቀመጥ ድረስ ቀጣዩን መስመር አታንብብ።

መርዶ በወረቀት አይነገርም። አውቃለሁ። ሰው ሄዶ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ነው የሚነገረው። እኔ ግን የምልክልህ ሽማግሌ አጥቻለሁ፤ ጊዜም የለኝም። አበባ ሐሙስ፣ በሚካኤል ዕለት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ዐረፈች።

ያን ሰዓት እኔ ጢቾ ነበርኩ። ታቦቱ ወደ መንበሩ ሲመለስ አዲሱ ጃንጥላ ተዘርግቶለት ሴቱ እልል ሲል እኔ እንደ ልጅ አጨበጨብኩ። ከአርባ ሰባት ዓመት ትዳር አንዷን ሰዓት ነበር አጠገቧ መሆን የነበረብኝ፤ እሷኑ ሰዓት ሳጨበጭብ ዋልኩ።

ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት ዓርብ ቀትር ላይ ደረስኩ። አስከሬኗን ለእኔ ብለው አቆይተውታል። ድንኳኑን ከሩቅ ሳየው የሌላ ሰው መሰለኝ፤ “ማን ሞቶ ነው?” ብዬ ጠየቅሁ። እጄን ይዘው አስገቡኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበርናት።

ራቢያ እንደነገረችኝ፣ አበባ ሐሙስ ጠዋት ነቃ ብላ “ወልዴ የት ሄደ?” አለቻት። ራቢያ ደግሞ መዋሸት አትችልም፤ “ስለት ሊያስገቡ ጢቾ” አለቻት። አበባ ሳቀች አሉ። “ሃያ ሦስት ዓመት ስነግረው! ገና አሁን?” አለች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ደብዳቤህን ያነበብኩት ከቀብር መልስ ነው። ተራ! የኋላሸት፣ በአማርኛ “ተራ” የሚባል ቃል እያለ! ሁለት ፊደል ነው እኮ። “ተራ አልደረሰውም” ብትለኝ ማን አይገባውም? ጋሪ ነጂው እንኳ ይገባዋል። እኔ አንተን ያስተማርኩህ ምን ነበር? ተናድጄ ወረቀቱን ልቀድደው ነበር። ከዚያ ደግሞ ቆም ብዬ ሳስበው አራሚው እኔ ነኝ። አንተ የጻፍከው ልክ ነበር። የማላውቀውን ቃል “አላውቀውም” ማለት ሲገባኝ አረምኩት፤ ያረምኩትን አመንኩ፣ ያመንኩትን ይዤ ሄድኩ። አንተን አልወቅስም። ብወቅስህ ይቀለኝ ነበር፤ ግን አልችልም።

ሰፈርተኛው “ስለቱ ደረሰ፣ ልጅቷ ልትመጣ ነው” እያለ ነው። ጃንጥላው የገባበትና ተራው የመጣበት ሰዓት አንድ መሆኑንም ቆጥረውታል።

አሁን የምለምንህን ስማ። ሰሎሜ አታውቅም። በደወለች ቁጥር ራቢያ “ተኝታለች” ትላታለች፤ ካለቻት በኋላ ማጀት ገብታ ታለቅሳለች። ለልጅቷ መርዶውን መንገር ያለበት የእናቷ ታላቅ ወንድም ገብረ መድህን ነው፤ ወጉም እንደዚያ ነው፣ ለእኔም ሌላ ሰው አይሆንልኝም። እሱ ሮቤ ነው። ወንዙ ሞልቶ መንገድ ስለተቆረጠ እስከ ረቡዕ አይደርስም። እና የኋላሸት፣ አሥር ቀን ሙሉ ፍጠን፣ ፍጠን ስልህ የነበርኩት ሰው አሁን ልለምንህ፦ አዘግይልኝ። ሁለት ቀን ብቻ። ስንት ዓይነት ምክንያት አለ ብለኸኛል፤ ከዚያ ሁሉ አንዱን ስጣት። ልጄ ሰማይ ላይ እስካለች ድረስ እናት አላት። እናቷ የምትሞትባት መሬት ስትረግጥ ነው።

በጉልበትህ ካልቻልክ በልመና፣ በልመናም ካልቻልክ እንጃ፣ እንደምንም።

ወልደ ሚካኤል


ቦሌ፣ ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ትናንት ፊሊጶስ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ገባኝ። ሀሰኖም ቆቡን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። እቴቴ ለእኔም እናቴ ናት፤ የእኔን ለቅሶ እርስዎ አጠገብ ስደርስ አለቅሰዋለሁ። አሁን የምጽፈው ሰሎሜ የጠፋ ሻንጣ የሚጠየቅበት መስኮት ጋ ቆማ ሳለች ነው።

አዎ፣ ደርሳለች። አላዘገየሁላችሁም።

ጋሼ፣ አልቻልኩም። ማፍጠን ያልቻለ ሰው ማዘግየትም አይችልም፤ ሥራዬ መመዝገብ ነው ብዬዎት ነበር። ለአለቃዬ ምን ብዬ ልንገረው? ዛሬ ጠዋት ወጥቼ ሰማዩን አየሁ። በሰኔ ወር፣ አንድም ጉም የለም። ያ ሁሉ ሰልፍ የት እንደገባ እንጃ፣ መንገዱ ባዶ ነበር። ነፋሱም ከኋላ ሆነላቸው። አውሮፕላኑ ሃያ ደቂቃ ቀድሞ አረፈ። አሥር ቀን ሙሉ ያለቀስንለት አውሮፕላን፣ ዛሬ ቀድሞ ገባ! መዝገቡ ላይ ምክንያቱን ልጽፍ ብፈልግ ቦታ የለውም፤ ለቀደመ አውሮፕላን ምክንያት አይጠየቅም።

ስታየኝ ሮጣ ተጠመጠመችብኝ። ከሳ ብላለች፤ ሳቋ ግን ያው ነው። መጀመሪያ ያለችኝ “እማዬ ታውቀኛለች?” ነው። “እንዴት አታውቅሽም!” አልኳት። ምን ልበላት?

ሻንጣዋ አልመጣም፤ ቤይሩት ቀርቷል፣ ነገ ማታ ነው የሚደርሰው። ስሰማ እግዜር የላከልኝ መሰለኝ። “ነገ ይዘነው ብንሄድ ይሻላል፣ ለእቴቴ ያመጣሽው ሁሉ እሱ ውስጥ አይደል?” አልኳት። “ሻንጣው ገደል ይግባ! ዘጠኝ ዓመት ቆይቼ ለሻንጣ ልቆይ?” አለችኝ። ስለዚህ ዛሬውኑ እንመጣለን።

ይህን ደብዳቤ ሀሰኖ ይዞት ቀድሞን ይወጣል። እባክዎን ድንኳኑን ያስነሡት፤ ከመንገዱ ላይ ይታያል። ጥቁር የለበሰ ሰው ደጅ እንዳይቆም። ራቢያ እንዳትቀበላት፤ ፊቷን ካየች ያበቃል። ከቦሌ አሰላ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ እኔ ስድስት አደርገዋለሁ። አዳማ ምሳ አበላታለሁ፣ ቀስ ብዬ አበላታለሁ። ኢተያ ስንደርስ ጎማው ተንፍሷል ብዬ ጎሚስታ ጋ እቆማለሁ፤ ሠራተኛውን እነግረዋለሁ፣ አራቱንም ጎማ ይፈታልኛል። በእጄ ላይ ያለው መዘግየት ይህ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከቆምኩ ትጠረጥራለች።

ጋሽ ገብረ መድህን እስከዚያ አይደርሱም። የሚነግሯት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ሌላ ሰው የለም። ጮክ ብላ ብትጠይቅዎም ባትጠይቅዎም አፏን ያዩታል፤ “እማዬስ?” ነው የምትለው። አውቃለሁ፣ አይችሉም። እኔም አልችልም።

መጣች፤ ልዝጋው።

የኋላሸት


(በፖስታው ጀርባ፣ በሌላ እጅ ጽሕፈት)

እማዬ፣ የኋላሸት “ለጋሼ ነው” እያለ ደብዳቤውን አላሳየኝም፤ እኔ ደግሞ በፖስታው ላይ ጻፍኩልሽ። ሻንጣዬ ቀርቶ ባዶ እጄን ነው የምመጣው፣ እንዳትስቂብኝ። በደወልኩ ቁጥር “ተኝታለች” ይሉኛል። ዛሬ ግን እስክመጣ እንዳትተኚ።

ሰሎሜ